ደብዳቤዬ ተከፍቶ ደረሰ፤ ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ተናድጄ ነበር፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እኅቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የላከችልኝ ደብዳቤ እጄ ሲገባ አንድ ጥጉ ተቀዶ በቡናማ ፕላስተር ተለጥፏል። ውስጡ የልጇ ክርስትና ዕለት የተነሡ አራት ፎቶዎችና ሁለት ገጽ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ለእናታችን ብላ 100 ዶላር እንደጨመረችበት ትናገራለች። ፎቶው አለ፣ ጽሑፉ አለ፣ ዶላሩ የለም።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ደብዳቤው የተከፈተው እዚያ ነው እዚህ? አቤት የሚባለውስ የት ነው? እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ አላቆምኩም። ሴት ያመነ ጉም የዘገነ የሚለውን የድሮ ተረት አጣምሜ፣ ፖስታ ያመነ ጉም የዘገነ ብዬ ደመደምኩ። በሦስት ቀን ውስጥ 31 መልስ መጣ። ገሚሱ ለጥያቄዬ፣ ገሚሱ ለዚያች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። እንደ አመጣጣቸው አወራችኋለሁ፤ አንዳንዶቹን ግን ጠቅልዬ አልፋለሁ፣ ስድብ ተቆጥሮ አይዘለቅም።

1ኛዋ መልስ ሰጪ ዕድሜዬን ሳታውቅ ጋሼ ብላ፣ አንቱ ብላ ጀመረች። እግዜር ይተካልዎ አለችኝ። የርሷም የወንድሟ ደብዳቤ ባለፈው ክረምት ውኃ ጠጥቶ ደርሶ ነበር። የተጣበቁትን የሠርግ ፎቶዎች ስታላቅቅ የሙሽራዋ ፊት የሙሽራው ደረት ላይ ቀርቷል። ምክሯ አንድ ብቻ ነው፤ ፖስታውን እንዳይጥሉት። እኔ ግን ጥዬው ነበር። ባዶ ፖስታ ምን ይሠራልኛል ብዬ ችላ ልል ስል፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ተነሥቼ ከቅርጫቱ ውስጥ አወጣሁት። ትንሽ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበታል፤ ሌላው ደኅና ነው።

2ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። በዚህ ዘመን ዶላር በደብዳቤ የሚልክ ማነው ብሎ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ደረደረበት። 3ኛዋ ተቆጣችው፤ ሰው ንብረቱን ሲያጣ አይሳቅም፣ የሰረቀው እያለ የተሰረቀበት ለምን ይወቀሳል አለች። እነዚህ ሁለቱ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልታረቁም። የኔን ጉዳይ ትተው ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ዲያስፖራ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ሽሮ ዋጋ ሲጣሉ ነበር።

4ኛው ነው ነገሩን ያከበደው። ጸሐፊው 27 ዓመት ደብዳቤ በመለየት ሥራ ላይ ቆይተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰላምታ የለም። የልጅ ልጃቸው ጽሑፌን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው፣ ጉም የዘገነ የምትለዋ ላይ ሲደርስ ስኒያቸውን እንዳስቀመጡ ነገሩኝ። የስንቱ ሰው ምስጢር በእጃቸው ሲያልፍ አንዱንም ወደ ብርሃን አንሥተው እንኳ አላዩም። በእኔ በአንድ ሌሊት ንዴት ከሌባ ጋር መቆጠራቸው አንገብግቧቸዋል። እኔ እዚህ ላይ ሳነብ ፊቴ ጋለ። ርሳቸው ግን ንዴታቸውን በዚያው ጨርሰው እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር።

የተቀደደው ጠርዝ የተገለበጠው ወደ ውጭ ነው ወደ ውስጥ? ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ጥርስ? ፕላስተሩ ያረፈው ከመድረሻ ማኅተሙ በላይ ነው ከበታቹ? በፖስታው ላይ በእጅ የተጻፈ ወይም የተመታ ሌላ ምልክት ይታያል? ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ፖስታውን ያየሁት እንደ ቁስል ነው እንጂ እንደ ወረቀት አልነበረም።

ቀጥለው ምክንያቱን አስረዱ። በትልልቅ የውጭ አገር ማዕከሎች ደብዳቤ የሚለየው በማሽን ነው፤ ማሽኑ በሰዓት ከ30,000 በላይ ደብዳቤ በቀበቶና በጎማ መንኮራኩር መካከል ያሳልፋል። ስስ ደብዳቤ ያለ ችግር ይሾልካል። አራት ፎቶ በአንድ ወገን ተደራርቦ ሌላው ወገን ባዶ ሲሆን ግን ፖስታው ይታጠፋል፣ ጥጉም ይፈነዳል። ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም የአንገት መስቀል የተጨመረበትማ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይደርሳል። እንዲህ የፈነዳ ወረቀት ጠርዙ ወደ ውጭ ያፈጠጠና የተቆራረጠ ነው። ምላጭ የነካው ቀጥ ይላል። በእንፋሎት የተከፈተው ክዳኑ ይጨማደዳል፣ አዲሱ ሙጫ ከአሮጌው ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ያብለጨልጫል፣ ክዳኑም ከመጀመሪያ ቦታው የፀጉር ያህል ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። እጅግ የተካነው ሌባ ደግሞ ክዳኑን አይነካም። ሙጫ በማይደርስበት ጥግ ቀጭን ስንጥር ይሰድና ወረቀቱን ውስጥ ለውስጥ ጠቅልሎ ስቦ ያወጣዋል፤ አንብቦ ሲጨርስ በዚያው መንገድ ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ጨመሩ፣ በኋላ ነገሩን ሁሉ ያዞረው ይኸው ነው። ፖስታ ቤት ተቀዶ የደረሰውን ደብዳቤ ዝም ብሎ አይለጥፍም። ደንቡ እንዲህ ሆኖ መድረሱን ምልክት አድርጎበት፣ እንደ ጉዳቱ በሌላ ፖስታ ወይም በላስቲክ አሽጎ እንዲያሳልፈው ነው። ምልክት የሌለው ፕላስተር ካለ የማን እጅ እንደሆነ ይፈለጋል።

5ኛው የሕግ ተማሪ ነው፤ አጻጻፉ ፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፍ ይመስላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ እንዳይደፈር እንደሚጠብቅ፣ የሌላ ሰው ደብዳቤ ያለ ሥልጣን መክፈትም በወንጀል እንደሚያስቀጣ ዘረዘረ። የተናገረው ትክክል ነው። 6ኛው ግን በአንቀጽ 26 ዶላሩ ተመልሶ እንደሆነ ደረሰኝ አሳየን ብሎ አፌዘበት። ልጁ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፤ አሳዘነኝ፣ ከብዙዎቹ የተሻለ ነገር ያመጣው እርሱ ነበር።

7ኛው ደግሞ እንደገና ጡረተኛው ናቸው፤ አሁን ሁለተኛውን ጥያቄዬን ያዙ። እንደ ርሳቸው አገላለጽ ተራ ደብዳቤ ጠፋ ቢሉት፣ ተቀደደ ቢሉት ካሣ የለውም። ካሣ ያለው በአደራ የተመዘገበ ደብዳቤ፣ ጥቅል፣ ወይም ዋጋው ተገልጾ ዋስትና የተገባለት ዕቃ ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት አገሮች በሚተዳደሩበት ስምምነት፣ ጠፋ ብሎ ለማስፈለግ ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ስድስት ወር ተሰጥቷል። ማስፈለጊያው ቅጽ ሲኤን 08 ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ላኪው በላከበት መስኮት ነው። ርሳቸው ሲሠሩ ለአንድ የአደራ ደብዳቤ የሚከፈለው ጣሪያ 30 ኤስዲአር ነበር። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፣ 30ው ወደ 40 ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ በአደራ ብትልከው እንኳ መቶው አይመለስም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ መልስ ውስጥ ለሌላው ሰው ይጠቅማል ብዬ የያዝኩት ስለ ፊርማ የተናገሩትን ነው። የተቀደደ የአደራ ደብዳቤ ወይም የተከፈተ ጥቅል ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ ነገሩ እዚያው ተዘጋ፤ በደኅና ተረክባችኋል ማለት ነው። መስኮቱ ላይ እንዳላችሁ ይመዘን በሉ፣ በሠራተኛው ፊት ክፈቱት፣ የጎደለውን ከፊርማችሁ ጎን ጻፉ፣ ከዚያ ውሰዱ። እንዲህ ያደረገ ተቀባይ ካሣውን ራሱ መጠየቅ ይችላል። ቤት ወስዶ ከፍቶ ማግስቱን የሚመለስ ሰው ግን፣ ጡረተኛው እንዳሉት፣ እውነቱን ቢናገርም የሚያየው የመስኮት መስታወት ነው።

በመጨረሻም የፈራሁትን አነሡ። የወረቀት ገንዘብ ዋስትና በሌለው ደብዳቤ ውስጥ ማስገባት በዚያው ስምምነት የተከለከለ ነው። ገንዘብ የራሱ መንገድ አለው፤ ሐዋላ አለ፣ ባንክ አለ። እኅትዎ በደግነት ያደረጉት ቢሆንም ደንቡን መጀመሪያ የተላለፉት ርሳቸው ናቸው አሉኝ። 8ኛው ይህን ሲያነብ ሰልፉን ቀየረ። ጠዋት አንቱ እያለ በግል ያጽናናኝ ሰው ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንተ ሆንኩ፣ ጥፋቱ የራስህ ነው ተባልኩ። በአማርኛ መዋረድ እንዲህ ቀላል ነው፤ ስድብ አያስፈልግም፣ አንዲት ፊደል ትበቃለች።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ የመጡትም አሜሪካ አይሰረቅም እንዴ ለማለት ነው። 9ኛው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሲሆን የኪራይ ቼኩን መንገድ ዳር ካለው ሰማያዊ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ከትቶ ወደ ሥራ ሄደ። ሌቦች ሙጫ የተቀባ ነገር በገመድ አውርደው ደብዳቤውን አጠመዱት። ከዚያ ቼኩን በኬሚካል አጥበው የተቀባዩንና የገንዘቡን መጠን ፋቁ፤ የቀረችው የርሱ ፊርማ ብቻ ናት። ከ850 ዶላር ኪራይ 4,200 ሆነ። አሁን ቼክ ሲጽፍ በጄል እስክሪብቶ ነው፣ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ እንደ ተራው አይታጠብም ይላል። የሚመጣለትንም ደብዳቤ ጠዋት ጠዋት በኢሜይል ፎቶውን ያያል፤ የአሜሪካ ፖስታ ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ የሚለው ነፃ አገልግሎት ነው። ፎቶው መጥቶ ደብዳቤው ካልመጣ የት እንደጠፋ ቢያንስ ቀኑን ያውቃል።

10ኛዋ የነገረችን ሌባ የሌለበት ስርቆት ነው። ታናሽ ወንድሟ ዲቪ ደርሶት መጥቶ እርሷ ቤት ገባ። ግሪን ካርዱ በፖስታ ይመጣል ተብሎ ቢጠበቅ ቢጠበቅ የለም። ሰረቁብን ብለው ጎረቤት ጠረጠሩ፤ ከፎቅ በላይ ያለችውን ሴት ሰላምታ እስከ መንሣት ደረሱ። ኋላ ሲጣራ ካርዱ ወደ ላከው መሥሪያ ቤት ተመልሷል። ምክንያቱ ስም ነው። እኛ በአባት ስም ነው የምንጠራው። እርሷ ባገባችበት አገር የባሏን አባት ስም ይዛለች፣ ወንድሟ የአባቱን፤ ሣጥኑ ላይ ያለው የባሏ ብቻ። ፖስተኛው በዚህ ቤት እንዲህ የሚባል ሰው የለም ብሎ መለሰው። እንደዚህ ያለው ካርድ ደግሞ አድራሻ ቢለወጥ ተከትሎ አይሄድም፣ ወደ ላኪው ይመለሳል እንጂ። ከዚያ ወዲህ ቤቷ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምታደርገው ሣጥኑ ውስጥ የሁሉንም ስም ጽፎ መለጠፍ ነው። ያቺን የፎቅ ሴት በምን ዓይን እንዳየቻት ግን አልነገረችንም። 3ኛዋ ጠየቀቻት፤ አልመለሰችም።

11ኛው በርበሬው ተከፍቶ ደረሰበት። እናቱ ከጎንደር ያስላኩለት ጥቅል ተቀዶ፣ ጉምሩክ መርምሮታል የሚል ጽሑፍ ባለበት ፕላስተር ታሽጓል። በርበሬና ሽሮው በቦታው አለ፣ ቋንጣው የለም። ሥጋ ወደ አሜሪካ በጥቅል አይገባም፤ ይህን እናቶች አያምኑም፣ ደርቋል እኮ ይላሉ። እርሱ ያናደደው ሥጋው አልነበረም፤ እናቱ በበርበሬው መሀል በላስቲክ ጠቅልለው ያስገቧት ደብዳቤ ነች፣ ፈረንጅ አነበባት ብሎ። ጡረተኛው በ13ኛው መልስ ጣልቃ ገብተው አረጋጉት። ጥቅል መክፈትና ደብዳቤ ማንበብ በሕግ የተለያዩ ናቸው፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ዕቃውን ይፈትሻል እንጂ የሰው ጽሑፍ ለማንበብ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል። ሰውየው እርሱስ ይሁን፣ ቋንጣውን ማን በላው ብሎ ዘጋው። 12ኛው መልስ ስድብ ነበር፤ አሜሪካ ተቀምጣችሁ ስለ ቋንጣ ታለቅሳላችሁ የሚል።

14ኛው ጽሑፍ ጥቂት ሰው ነው ያነበበው፣ ማንም አልመለሰለትም። በደርግ ዘመን ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ዘግይቶና ተከፍቶ መድረሱን ቤተሰቡ እንደ ዝናብ ለምዶት ነበር ይላል። ስለዚህ በምስጢር ቋንቋ ይጻጻፉ ነበር። አጎቴ ሆስፒታል ገባ ማለት ታሰረ ማለት ነው፣ ዳነ ማለት ተፈታ። አንድ ጊዜ አጎቱ እውነትም ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ውጭ ያሉት ልጆች ታሰረ ብለው ስድስት ወር በየኤምባሲው በር ቆሙ።

15ኛው ሳቁን መለሰው። ልጅ ሳለ ለታላቅ እኅቱ የሚመጣውን የፍቅር ደብዳቤ በጀበና እንፋሎት እየከፈተ ያነብ እንደነበር ተናዘዘ። ቡናው እስኪፈላ ጠብቆ ክዳኑን ከጀበናው አፍ ላይ ይይዘዋል። ሊያጋልጠው የነበረው መጨማደዱ አይደለም፤ ደብዳቤው ቡና ቡና ይሸት ነበር። እኅቱ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ሰው ቡና እየጠጣ ይጽፍላት የነበረ ይመስላታል፤ ይህን መድረክ ታነብ እንደሆነ ይቅርታ እንድታደርግለት ጠየቀ።

16ኛዋ ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚመጣው በአሠሪው ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሠራተኛ የራሷ ሣጥን ከየት ይመጣል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ያልተከፈተ ደብዳቤ አልደረሳትም። እመቤቲቱ አማርኛ አታነብም፣ ግን ትከፍታለች፤ ወረቀቱን ዘርግታ አገላብጣ አይታ ትሰጣታለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም ብላ ጻፈች፤ ምናልባት ፎቶ፣ ምናልባት ገንዘብ፣ ምናልባትም ያንቺ የምትይው ነገር የለሽም ለማለት ነው። ከዚህ መልስ በኋላ 2ኛው እንኳ ዝም አለ፤ ለትንሽ ጊዜ ማለቴ ነው።

17ኛው ዲቪን አነሣ። የዲቪ ማመልከቻ በፖስታ ይላክ በነበረበት ዘመን፣ ይኸውም እስከ ዲቪ 2004 ድረስ፣ የራሱ ሣጥን ያለው ስንቱ ነበር? ሰፈርተኛው ሁሉ የትምህርት ቤት፣ የመሥሪያ ቤት፣ የሱቅ ሣጥን ቁጥር ነበር የሚሞላው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ከሆነ በኋላም ለአሸናፊው የሚነገረው በደብዳቤ ነበር፤ ዕጣውን በኢንተርኔት ብቻ ማየት የመጣው ከዲቪ 2012 ወዲህ ነው። ያኔ ከኬንታኪ ዊልያምስበርግ የሚመጣውን ወፍራም ፖስታ ሁሉም ሰው ከሩቁ ያውቀው ነበር። የጓደኛው ፖስታ በአንድ ትምህርት ቤት ሣጥን መጥቶ፣ ያየው ሰው ደብቆ ይዞ ብር ካልሰጠኸኝ አላስረክብህም አለው። ጓደኛው ተበድሮ ከፈለ፣ ሄደ። አሁን ሲያትል ነው፤ ያንን ሰው በየዓመቱ ለገና ይረግመዋል።

እስከዚህ ድረስ በሰው ታሪክ እየተዝናናሁ ነበር። 18ኛዋ አጭር ጥያቄ ጻፈች። የእርስዎስ ሣጥን የማን ነው?

በ19ኛው ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ጻፍኩ። ሣጥኑ የኔ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቅሁት መሥሪያ ቤት ሣጥን ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ሁሉ የያዘው ያንን ቁጥር ስለሆነ፣ የራሴን ልከራይ ልከራይ እያልኩ ቀረሁ። ተላላኪው ደብዳቤውን ከሣጥኑ አውጥቶ በፌስታል ያመጣዋል፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፣ እኔ በወሩ በሁለት ወሩ ጎራ ብዬ የደረሰውን እወስዳለሁ። ይህን ጽፌ ጡረተኛውንም ስለዚያች ተረት ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከ20 እስከ 24 ያለውን መድገም አልፈልግም። ባጭሩ ስንት እጅ የነካውን ደብዳቤ ይዘህ ፖስታ ቤቱን ሌባ አልክ ነው ነገሩ። 8ኛው ተመልሶ መጥቶ አንተ ከማለትም ወረደ። 3ኛዋ ብቻ ነች የቆመችልኝ፤ መቆሟም ለኔ ሳይሆን 2ኛውን ለመቃወም ይመስለኛል። 22ኛው ስለ መሥሪያ ቤት ተላላኪዎች ያለውን ቂም ሁሉ አወረደ። 23ኛው ራሱ ተላላኪ ነኝ ብሎ ተነሣበት፤ በደመወዙ የቀን ታክሲ እንደማይሞላ፣ እስካሁን ግን የሰው ወረቀት ከፍቶ እንደማያውቅ ጻፈ። እውነት ለመናገር ከሁሉም የቆጠቆጠኝ እርሱ ነው። እኔ ፖስተኞቹን እንዳደረግሁት አሁን ሰዎቹ እርሱን እያደረጉት ነበር።

25ኛው ጡረተኛው ናቸው፤ ይቅርታዬን ተቀብለዋል፣ ያውም ልጄ ብለው። ነገሩን ወደ ቦታው መለሱት። ደብዳቤ ከሣጥን ከወጣ በኋላ ለሚደርሰው ፖስታ ቤት ተጠያቂ አይደለም አሉ። በሌላ ሰው ሣጥን ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ቢያንስ በእከሌ በኩል ተብሎ እንዲጻፍለት፣ ዋጋ ያለው ነገር ከሆነ በአደራ እንዲላክለት መከሩ። የአደራ ደብዳቤ በአር ፊደል የሚጀምር ባለ 13 ምልክት ቁጥር አለው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ በመጨረሻም የላኪው አገር ሁለት ፊደላት። በየጣቢያው ይመዘገባል፣ መታወቂያ ታይቶበት በፊርማ ይወሰዳል። በሣጥን ውስጥ የምትገባው መጥሪያ ወረቀቷ ብቻ ነች፤ ወረቀቷን የሰረቀ ደብዳቤውን አይሰርቅም።

26ኛውና 27ኛዋ በሰው እጅ መላክ ይሻላል አይሻልም ተከራከሩ። እርሱ ሻንጣ የሚይዝለት ዘመድ ካለ ፖስታ ቤት ደጃፍ አልቆምም አለ። እርሷ ግን በሰው እጅ የላከችው የወርቅ ሐብል አደራ በላ እጅ ገብቶ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ባለ አደራውን በየሠርጉ ታገኘዋለች፣ ጉንጯን ይስማታል። ለርሱ ሲኤን 08 የሚባል ቅጽ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

28ኛው ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ስለ ድሮ መልእክተኛ ጻፈ። ፖስታ ቤት ሳይመጣ ደብዳቤ የሚጓዘው በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ ዘንጉን ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅለታል፣ መልእክተኛ አይከሰስም አይወቀስም ነውና። የአፄ ምኒልክ ፖስታ ግን በ1894 ተቋቋመ ብሎ ጨረሰ። 29ኛው ተነሥቶ ተሳስተሃል፣ 1886 ነው፣ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆንነው ደግሞ በ1901 ነው አለው። 28ኛው 1908 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ስምንት ዘጠኝ መስመር ከተዘላለፉ በኋላ 1ኛዋ ሴት፣ ያቺ ትሑቷ፣ አንዳችሁ በኛ አቆጣጠር አንዳችሁ በፈረንጅ ነው የምትጣሉት ብላ በመሀል ገባች። ቁጥር ሳይሰጠው በአስተያየት ሥር የቀረ በመሆኑ አልቆጠርኩትም እንጂ ከ31ዱ ሁሉ የምወደው ይኸን ነው።

በ30ኛው ላይ የደረስኩበትን ጻፍኩ። ፖስታውን መብራት ሥር ይዤ የጡረተኛውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሄድኩባቸው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጦ ወደ ውጭ አፍጥጧል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የቀደደው ሰው ላይሆን ይችላል፣ አራቱ ፎቶዎች ናቸው። ፕላስተሩ ግን ጥጉን ዞሮ ጀርባው ላይ ሲያርፍ የመድረሻ ማኅተሙን ግማሽ ሸፍኗል። ማኅተሙ ከሥር ነው፤ በላዩ ላይ አንድም ምልክት የለም። የተለጠፈው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው፣ የለጠፈውም ማኅተም የሌለው እጅ ነው።

በማግስቱ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ጸሐፊዋ እንደ ወትሮዋ በሳቅ ተቀበለችኝ፣ ልጆቹን ጠየቀችኝ፣ ሻይ አዘዘችልኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ቡናማ ፕላስተር አለ። ስፋቱ ያው ነው። እንዲህ ያለው ፕላስተር ደግሞ ከመርካቶ እስከ ሰፈሬ ሱቅ ድረስ ይሸጣል። ዶላሩ በቀዳዳው ወድቆ የቀረው በየትኛው አገር መጋዘን እንደሆነ፣ ወይም ተቀዶ ሲመጣ አይታ አዝናልኝ ብቻ ለጥፋው እንደሆነ ከወረቀት አይነበብም። ሻዩን ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። ከዚያው በቀጥታ ሄጄ የራሴን ሣጥን ለመከራየት ተመዘገብኩ። ለእኅቴ ዶላሩ ደርሷል አልኳት፣ ለእናታችን ከኪሴ ሰጠሁ። ይህንን የመጨረሻውን መድረኩ ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

31ኛው አዲስ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቴምብር ሰብሳቢ ነኝ አለ። የ1886ቱ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ እንደታተሙ፣ የምኒልክ ምስል ያለባቸው ከሩብ እስከ 2 ግርሽ፣ አንበሳ ያለባቸው ደግሞ 4፣ 8 እና 16 ግርሽ እንደነበሩ ለ28ኛውና ለ29ኛው አስረዳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና ጠየቀኝ። ከአሜሪካ የሚመጡት ደብዳቤዎች አንዳንዴ ክብ ቴምብር አላቸው፤ የርስዎ ክብ ከሆነና ማኅተሙ በደንብ ከተመታበት፣ ፖስታውን ለማስረጃ የሚያስፈልግዎት ጊዜ ሲያልፍ ይሸጡልኛል ወይ አለኝ። ክብ ነው አልኩት። ስድስት ወሩ እስኪሞላ አልሰጥህም አልኩት። እጠብቃለሁ አለ።